በብርሃን መመላለስ
ስለ ግብዝነትና ስለ ቅን ሕይወት የተዘጋጀ ትምህርት

የሚነበበው ክፍል፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥5-10፤ ሉቃስ 18፥9-14፤ የሐዋርያት ሥራ 5፥1-11።

ግብዝ የሚለው ቃል አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ጥንት የስድብ ቃል አልነበረም። በቴአትር መድረክ ላይ ጭምብል አድርጎ ሌላውን ሰው መስሎ የሚታይ ተዋናይ የሚጠራበት ስም ነበረ። ተዋናዩ በዚህ ሥራው ማንንም አላታለለም፤ ንጉሥ መስሎ የቀረበው ሰው ንጉሥ እንዳይደለ ተመልካቹ ሁሉ ያውቃልና፥ ጨዋታውም ባለቀ ጊዜ ጭምብሉ ይወልቃል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ይህን ስም በሌላ ስፍራ ላይ አዋለው። በምኵራብና በመንገድ ማዕዘን ቆመው ሰው እንዲያያቸው የሚጸልዩትን፥ ምጽዋት ሲሰጡ መለከት የሚያስነፉትን፥ ሲጾሙ ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን በዚህ ስም ጠራቸው (ማቴ. 6፥1-18)። እነዚህ መድረካቸው የእግዚአብሔር ቤት የሆነ፥ ጨዋታቸውም የማያልቅ ተዋንያን ናቸው።

የእኛም ቋንቋ ስለዚህ ነገር ብዙ ቃል አለው። ለሰው ዐይን ብቻ የሚደረገውን «ለይምሰል» እንለዋለን። የልብ ያልሆነውን ፍቅር «ከአንገት በላይ» እንለዋለን፤ እውነተኛውን ደግሞ «ከአንጀት» ነው እንላለን። አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የሚለውን ተረት የማያውቅ ልጅ የለም። እንግዲህ ሕዝባችን ግብዝነትን ለይቶ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። በጎረቤት ላይ የታየ እንደ ሆነ ሁላችንም ቶሎ እናውቀዋለን። የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ነው።

ብዙ ጊዜ በስብከት የሚሰጠው መድኃኒት ተግሣጽ ነው። ተግሣጽ በስፍራው ያስፈልጋል፤ ጌታም በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በብርቱ ቃል ገሥጾአል። እኔ እንደማየው ግን ተግሣጽ ብቻውን ጭምብሉን አያወልቅም፤ ያጠብቀዋል እንጂ። ትናንት በግዴለሽነት ያስመስል የነበረ ሰው ከተግሣጹ በኋላ በጥንቃቄ ማስመሰልን ይማራል። ሕግ ኃጢአትን ይገልጣል፥ ይኰንናልም፤ ልብን የሚከፍት ኃይል ግን አልተሰጠውም። ዶክተር ማርቲን ሉተር በገዳም ሳለ ይህን በገዛ ሕይወቱ ቀምሶታል፤ አብዝቶ በጾመና በተናዘዘ መጠን የልቡ ፍርሃት አልቀነሰለትምና።

ስለዚህ ሰው ለምን ያስመስላል ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። መልሱ በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። አዳም በገነት ዛፎች መካከል የተሸሸገው ሐሰትን ስለ ወደደ አይደለም፤ ስለ ፈራ ነው (ዘፍ. 3፥10)። ከበለስ ቅጠል የተሰፋው ግልድም የመጀመሪያው ጭምብል ነበረ። ሐናንያና ሰጲራም የሞቱት ገንዘብ ስላስቀሩ አይደለም፤ መሬቱ ሳይሸጥ የራሳቸው እንደ ነበረ፥ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣናቸው እንደ ነበረ ጴጥሮስ ራሱ ነግሮአቸዋል። ከፊሉን ሰጥተው ሁሉን እንደ ሰጡ ለመታየት ፈለጉ። በርናባስ እርሻውን ሸጦ በማኅበሩ ዘንድ በተመሰገነ ማግሥት ከእርሱ አንሰው መታየትን ፈሩ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። የግብዝነት ሥር ፍርሃት ነው፤ ይኸውም የታወቅሁ እንደ ሆነ እጣላለሁ የሚል ፍርሃት ነው። ሥሩ ፍርሃት ከሆነም መድኃኒቱ ፍርሃትን የሚያወጣ ነገር መሆን አለበት። ይህም ነገር የኃጢአት ስርየት ነው።

ይህን በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ለመመልከት ወደ ዩጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ እንሂድ። በዚያች ከተማ በማኪንድዬ ክፍል፥ በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች፥ ብዙ ወገኖቻችን በስደትና በንግድ ይኖራሉ፤ በመንገዱ ዳር አማርኛና ትግርኛ ይሰማል፥ እንጀራም ይሸጣል። ወገኖቻችን በየዕለቱ በሚያዩአቸው በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ ስለ ተደረገው ነገር ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወንጌል በእንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን እጅ ወደ ቡጋንዳ የገባው በ1877 ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፥ በሰኔ 3 ቀን 1886፥ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ብላቴኖች ስለ እምነታቸው በናሙጎንጎ በእሳት ተቃጠሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተተከለችው በእንዲህ ያለ እውነተኛ ደም ላይ ነው። ነገር ግን ነገሥታቱና መሳፍንቱ ክርስቲያኖች በሆኑ ጊዜ ጥምቀት የሹመት መንገድ ሆነ። የክርስትና ስም የክብር ምልክት ሆነ፤ በናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ ያለው ካቴድራልም በሰው ይሞላ ነበር። ከሰማዕታቱ ሞት እስከዚህ ድረስ አምሳ ዓመት እንኳ አልሞላም። በእኛ አገር ወንጌልን ለትምህርት ቤቱና ለሐኪም ቤቱ ብለው የተጠጉ ሰዎች እንደ ነበሩ የምናውቅ ሁሉ በዩጋንዳ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል።

በመስከረም ወር 1929 ጆ ቸርች የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም ከሩዋንዳ ከጋሂኒ ሐኪም ቤት ወደ ካምፓላ መጣ። በሩዋንዳ ታላቅ ረኃብ ሆኖ ስለ ነበረ ሰውነቱም መንፈሱም ደክሞ ነበር። በናሚሬምቤ ሲሜዎኒ ንሲባምቢ ከሚባል፥ በመንግሥት የጤና ክፍል ይሠራ ከነበረ የቡጋንዳ ሰው ጋር ተገናኘ። ይህም ሰው በነፍሱ እንደ ተጠማና ከእግዚአብሔር ዘንድ የጎደለው ነገር እንዳለ ነገረው። ሁለቱም ሁለት ቀን ያህል መጽሐፍ ቅዱስን ከፍተው ስለ መንፈስ ቅዱስ የተጻፈውን እየፈለጉ አብረው ጸለዩ። በዚያ ዘመን አስተማሪው ነጭ፥ ተማሪው ጥቁር ነበረ፤ ነጩም ለጥቁሩ ድካሙን አይነግረውም ነበር። በዚያ ቤት ግን ሁለት የተራቡ ሰዎች ከአንድ ማዕድ ፊት ተቀመጡ። ንሲባምቢ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራውን ትቶ ሰዎችን ሁሉ ድነሃልን እያለ የሚጠይቅ ሆነ፤ አብዶአል ያሉትም ነበሩ።

ታናሽ ወንድሙ ብላሲዮ ኪጎዚ በጋሂኒ ያገለግል ነበር። በጥር 1936 በትኩሳት ታሞ በወጣትነቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ሊያቀርባቸው ያሰባቸውን ጥያቄዎች ጽፎ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ ምን በረደች፥ በግልጥ ኃጢአት የሚኖሩ ሰዎች ስለ ምን ወደ ጌታ ማዕድ ይቀርባሉ፥ እንድትነቃስ ምን ይደረግ የሚሉ ናቸው። በዚያው ዓመት መነቃቃቱ እንደ ሰደድ እሳት ሄደ፤ ከሩዋንዳ ወደ ዩጋንዳ፥ ከዚያም ወደ ኬንያ፥ ወደ ታንጋኒካና ወደ ቡሩንዲ ደረሰ። ሰዎቹ በሉጋንዳ ቋንቋ «ባሎኮሌ» ተባሉ፥ የዳኑት ማለት ነው። የሚታወቁበትም ነገር ከ1ኛ ዮሐንስ 1፥7 የወሰዱት «በብርሃን መመላለስ» የሚለው ቃል ነበር። በየሳምንቱ ተሰብስበው እያንዳንዱ ሰው የበደለውን በወንድሞቹ ፊት ይናገር ነበር፤ ከዚያም «ቱኩተንደሬዛ» የሚለውን የምስጋና መዝሙር ይዘምሩለታል። የሰረቁትን የመለሱ፥ ከባላጋራቸው ጋር የታረቁ፥ ሚሲዮናውያንም ሆነው በጥቁር ወንድሞቻቸው ላይ ስለ ነበራቸው ኩራት ይቅርታ የለመኑ ብዙዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ያለ ሁከት አልሆነም። በ1941 በሙኮኖ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት 26 ተማሪዎች ተባረሩ፤ ዊልያም ናጌንዳም ከእነርሱ ጋር ነበረ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ለጸሎት መሰብሰብንና በግቢው ውስጥ መስበክን እንዲተዉ ታዝዘው እምቢ ብለው ነበርና። ያም ሆነ ይህ፥ ከቤተ ክርስቲያናቸው አልወጡም፤ በኋላም ከእነዚህ ወንድሞች መካከል ጳጳሳትና ታላላቅ አገልጋዮች ተነሡ።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል የምሻው ነገር አለ። የባሎኮሌ ወንድሞች ኃይል ያገኙት ከሌሎች የበለጠ ንጹሓን ሆነው በመታየታቸው አይደለም። ኃጢአተኞች ሆነው በመታየታቸው ነው! ሐዋርያው ዮሐንስ በብርሃን የሚመላለሰውን ሰው ኃጢአት እንደሌለበት አድርጎ አልገለጸውም፤ የኢየሱስ ደም ከኃጢአቱ የሚያነጻው ሰው አድርጎ ገለጸው እንጂ። ወደ ብርሃን የወጣ ሰው እድፉ ይታያል። መታየቱም እንዲታጠብ ነው። ቀራጩ በመቅደሱ ውስጥ ደረቱን እየደቃ ይታዘንለት ዘንድ ለመነ፤ ፈሪሳዊውም በዚያው መቅደስ ቆሞ የሚጾምበትን ቀንና የሚያወጣውን ዐሥራት ቈጠረ። ፈሪሳዊው ከተናገረው ውስጥ ሐሰት ነው የተባለ አንድም ቃል የለም። እውነቱን ሁሉ ተናግሮ ግብዝ ሆነ፤ ስለ ራሱ ዋናውን እውነት አልተናገረምና።

ዳሩ ግን ብርሃኑም ራሱ ጭምብል ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ያው የካምፓላ ታሪክ ያስተምረናል። ኃጢአትን በማኅበር ፊት መናገር ልማድ በሆነ ጊዜ ምን መናገር እንደሚገባ፥ በምን ድምፅ እንደሚነገር፥ መቼ እንደሚለቀስ ይታወቃል። የሚያሳፍረው ትልቁ ነገር ተደብቆ የማያሳፍረው ትንሹ ይነገራል። ያልተናዘዘም ገና አልነቃም ይባላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባሎኮሌ መካከል «አባዙኩፉ»፥ ዳግም የነቁ፥ የተባሉት ወገኖች ሌሎቹ አንቀላፍተዋል ብለው ተለዩ፤ ስለ ብድርና ስለ አለባበስ ጥብቅ ደንብ አወጡ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ሰው የልብን መንቃት በልብስና በዕዳ መዝገብ ለመለካት ሲነሣ፥ አሮጌው ግልድም ተመልሶ ይሰፋል።

የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባቶች በ1530 በአውግስቡርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ በ8ኛው አንቀጽ በዚህ ዓለም ባለችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግብዞችና ሐሰተኞች ከአማኞች ጋር ተቀላቅለው እንደሚኖሩ፥ ቃሉና ምሥጢራቱ ግን በአገልጋዩ ክፋት ምክንያት ከንቱ እንደማይሆኑ መስክረዋል። በ11ኛው አንቀጽም በግል መናዘዝና የስርየትን ቃል መስማት በቤተ ክርስቲያን እንዲጠበቅ፥ ነገር ግን ኃጢአትን አንድ በአንድ መቍጠር ግዴታ እንዳይሆን ደነገጉ። እነዚህ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን መቆማቸው ጥበብ ነው። ፊተኛው በማኅበሩ ውስጥ ግብዞችን አድኖ ከማውጣት ይከለክለናል፤ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ተብሎአልና (ማቴ. 13፥30)። ሁለተኛው ደግሞ የገዛ ልባችንን ግብዝነት አውጥተን የምንጥልበትን ስፍራ ያሳየናል። እኛ ብዙ ጊዜ ነገሩን ገልብጠን ሌላውን እናድናለን፥ ራሳችንን እንሸሽጋለን።

በማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ሌላም ነገር ተደርጎአል። ከ1971 እስከ 1979 ኢዲ አሚን በገዛበት ዘመን በዚያ የነበረው የወታደር ፖሊስ እስር ቤት ስሙ የሚያስፈራ ነበር፤ ወደዚያ ከተወሰዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያላሰበውን ይናገር፥ የጠላውን ያወድስ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ጃናኒ ሉዉም በጥር 1948 በመነቃቃቱ ሰዎች ስብከት ወደ ጌታ የመጣ ሰው ነበረ። በየካቲት 1977 ወታደሮች በሌሊት ቤቱን ከፈተሹ በኋላ እርሱና ጳጳሳቱ ስለ ሰዎች መታፈንና መገደል ለፕሬዚዳንቱ በግልጥ ጻፉ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን ተያዘና ተገደለ። መንግሥቱ በመኪና አደጋ ሞተ ብሎ አወራ፤ በሬሳው ላይ ግን የጥይት ቁስል ታየ። በጨለማ ጊዜ በትንሹ ነገር በብርሃን መመላለስን የለመደ ሰው በትልቁም እንዳልሸሸገ እነሆ እናያለን። የእኛም ቤተ ክርስቲያን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 በአዲስ አበባ ተይዘው ተገድለዋል፤ ከአገር የመውጣት መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው አልሄዱም።

ለትምህርታችን ይበልጥ የሚረዳን ግን ያልሞተው ሰው ነው። ጳጳሱ ፌስቶ ኪቬንጌሬ ሉዉም በተገደለ ሰሞን ከባለቤቱ ጋር በሌሊት ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሩዋንዳ አመለጠ። በውጭ አገር ስለ ክርስቶስ ፍቅር ሲሰብክ በልቡ ግን በአሚን ላይ መራራ ጥላቻ እያደገ ሄደ። በዚያው ዓመት በስቅለት ዓርብ በለንደን በቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ሳለ ክርስቶስ ለሰቀሉት እንደ ጸለየ በሰማ ጊዜ ልቡ ተወጋ፤ ይህንንም ጥላቻውን ሳይሸሽግ ለሰው ሁሉ ተናገረ፥ ጻፈም። ማንም አልወቀሰውም ነበር። ጥላቻውን እንደ ጽድቅ ቈጥረው የሚያጨበጭቡለትም ብዙ ነበሩ። ሰው በሚያመሰግነው ኃጢአቱ ላይ ራሱን የሚከስ ሰው ከየት ይገኛል? ለዚህ ያበቃው የመስቀሉ ቃል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ጭምብሉን አጥብቆ የሚያስረው ገመድ ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታን ፈጽሞ አልነቅፍም፤ የሌለው ሰው ሽማግሌ አያከብርም፥ ለእንግዳም አይነሣም። ነገር ግን ይሉኝታ በእግዚአብሔር ፊት በተቀመጠ ጊዜ ጣዖት ይሆናል። በስደት ላይ ያለው ወገናችን ይህን በደንብ ያውቃል። ለእናቱ ስልክ ሲደውል ደኅና ነኝ፥ ሥራም ይዣለሁ ይላል፤ የቤት ኪራዩን ግን ከጓደኛው ተበድሮአል። ገንዘብ ሲልክ ከተበደረው ላይ ይልካል። የሚያሳርፈው ስፍራ ማኅበረ ምእመናን ሊሆን ሲገባ፥ እሑድ በመጣ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለውን ልብሱን ለብሶ በዚያም ደኅና ነኝ ይላል። ምስክርነት ስጥ ሲባል ጌታ እንዴት እንደ ባረከው ይናገራል። በሦስት ስፍራ ደኅና ሆኖ በሌሊት ብቻ የሚያለቅስ ሰው ምን ያህል ይደክማል! ከፍርሃት የተነሣ በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ያልሆነውን ታሪክ የተናገረ፥ ያንንም ሸክም ይዞ መዝሙር የሚመራ፥ ወይም በአገር ቤት ያለችውን የትዳር ጓደኛውን ሸሽጎ እንደ ላጤ የሚኖር አይታጣም። እረኞችም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። በሕዝብ ፊት ረጅም ጸሎት የሚጸልይ፥ በጓዳው ግን የሚጸልየው ያጣ ቄስ ይኖራል፤ ሕዝቡ ሊቀርበው የማይደፍረው ፍጹም መስሎ ስለሚታይ ነውና ለመንጋው መሸሸግ እርሱ ራሱ ምክንያት ይሆናል።

እንዲህ ላለው ሰው፥ ቄስም ሆነ ምእመን፥ ምን እንበለው? በማኅበር ፊት ተነሥተህ ሁሉን ተናገር አልለውም። ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም እንዳስተማረን፥ በእግዚአብሔር ፊት የማናውቀውንም ኃጢአት ጭምር እንናዘዛለን፤ በንስሓ አባት ፊት ግን የምናውቀውንና ልባችንን የሚከብደውን ብቻ። ሌላ ሰው ያለበትን ነገር፥ በተለይም የሴትን ክብር የሚነካውን፥ በጉባኤ መናገር ሌላ በደል ነው። የበደልኸውን ሰው ታውቀው እንደ ሆነ ወደ እርሱ ሂድ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህም ቢሆን ሂድ (ማቴ. 5፥23-24)። የወሰድኸውን መልስ፤ መመለስ ያልቻልህ እንደ ሆነ ያለብህን ዕዳ በግልጥ ንገረውና ጊዜ ለምን። የሐሰት ቃል የተናገርህበት ጉዳይ ከሆነ፥ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ የታመነ ሰው ፈልገህ ከእርሱ ጋር ምከር፤ ብቻህን አትሸከመው። ከእናትህም ጋር በምትነጋገርበት ጊዜ አንድ እውነተኛ ነገር ጀምር፤ በዚህ ወር አልላክሁም፥ የለኝምና፤ ጸልዪልኝ በላት። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለብዙዎች ግን ከጉባኤ ፊት ከመናዘዝ ይልቅ ከባድ ነው።

ኑዛዜ የሚሰማውም ሰው ሥራ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ግብዞችን አበዛች ተብሎ በሚወቀስበት ስፍራ ሁሉ የሰሚዎች በደል ተደብቆ ይቀራል ብዬ አምናለሁ፤ ምሥጢር የማይጠበቅበት ማኅበር ሰውን ማስመሰል ያስተምራልና። በሰማው ነገር የጸሎት ርእስ አስመስሎ የሚያወራ ሰው የብዙዎችን አፍ ለዘላለም ይዘጋል። ስለዚህ ወንድምህ ወደ አንተ መጥቶ የልቡን የገለጠልህ እንደ ሆነ አትደንግጥ፥ ቀላል ነው ብለህም አታሳንስበት። ከእርሱ የባሰ ኃጢአት አውቃለሁ ብለህ ታሪክ አትጀምር። ጨርሶ እስኪናገር ድረስ ዝም በል። ከዚያም 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን ከፍተህ አንብብለት፤ ኃጢአቱም በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የተሰረየለት መሆኑን በግልጥ ቃል ንገረው፤ ይህን የመናገር ሥልጣን ጌታ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶአልና (ዮሐ. 20፥23)። የሰማኸውንም ለባለቤትህ እንኳ አትንገር። በማግሥቱ ባገኘኸው ጊዜ ዐይኑን አትሽሽ፤ እንደ ትናንቱ አብረኸው ቡና ጠጣ።